የጋሽ ይማም አንሶላ

የጋሽ ይማምን መሞት የሰማሁት በቴሌግራም ነው። “የሰፈራችን ጸጥታ” በሚባለው ግሩፕ ላይ፣ አንድ ባለቤቱ የማይታወቅ ጥቁር ውሻ በመንደሩ ስለሚዞር ጥንቃቄ ይደረግ ከሚል ማሳሰቢያ ቀጥሎ፣ ሰብሳቢያችን አቶ ደምሴ “ልብስ ሰፊው ጋሽ ይማም ዛሬ ሲነጋጋ አርፈዋል፤ ቀብር ከቀትር ሶላት በኋላ” ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ ጥቂት ሰዎች የሚያለቅስ ፊት ለጠፉ። አንዱ፣ እንግዲህ በስህተት ነው ብለን እንለፈው፣ አውራ ጣት አስቀመጠ።

እኔ በሰዓቱ ሥራ ላይ ነበርኩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። አንድ ደንበኛ ያዘዘኝ ሦስት የመታወቂያ ኮፒ ነበር፤ ማሽኑ ወረቀት ጨርሶ ሲጮህ ነው የነቃሁት።

“ወንድም፣ ሰርግ ልትጠራበት ነው እንዴ?” አለኝ ክምሩን እያየ።

ሰው ሲሞት ደግነቱን ማውራት ልማዳችን ነው። ስለ ጋሽ ይማም ደግነት ለማውራት ግን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የመጨረሻው መሆን ያለብኝ እኔ ነኝ፤ የሰፈሩ የጥበቃ ካሜራ ኃላፊ እኔ ነበርኩና።

ከአስፋልቱ ወደ እኛ መንደር የሚያስገባው ቁልቁለት አፍ ላይ፣ ቀጨኔን የሚያውቅ ሰው የሚያውቃቸው ዓይነት ጠባብ መንገድ ነው፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለች። ጋሽ ይማም እዚያ በር ላይ፣ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናቸውን ፊት ለፊታቸው አድርገው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ይቀመጣሉ። ወሎዬ ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ከሱቋ ጀርባ ባለች ክፍል ይኖሩ ነበር፤ አንዲት ልጃቸው ጅማ አስተማሪ ናት። ወደ መንደሩ የሚገባም የሚወጣም ሰው ከስፌት መኪናው ፊት ሳያልፍ መንገድ የለውም።

የማያውቁት ሰው ሲገባ እግራቸውን ከመርገጫው ያነሱና ሰላምታ ይጀምራሉ። ሰላምታቸውን ያልቀመሰ አያውቀውም።

“አሰላሙ አለይኩም! እንዴት አደርክ? ደህና አደርክ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና? ከብቱስ ደህና?”

“ጋሼ፣ ከብት እንኳ የለኝም።”

“አብሽር፣ ይሰጥሃል! ማንን ፈልገህ ነው?”

እንግዳው የሚፈልገውን ሰው ስም፣ የሚፈልግበትን ምክንያት፣ የራሱን አገርና የአባቱን ሥራ ሳይናገር አያልፍም። ቀና ሰው ከሆነ ሻይ ይጋበዛል። ቀና ካልሆነ፣ ያን ሁሉ ጥያቄ ሲመልስ ውሎ የሌብነቱ ፍላጎት ይጠፋበታል። ልጅ ሆኜ ጋሽ ይማም ወሬ የሚወዱ ሰው ይመስሉኝ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሰው እንዲታይ የማይፈልገው ነገር ይዞ ሲያልፍ፣ ለምሳሌ አንዱ ሰክሮ ግድግዳ እየደገፈ ሲገባ፣ ወይም አንዷ ከባሏ ተጣልታ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ስትወጣ፣ ጋሽ ይማም ቶሎ አቀርቅረው መርፌያቸው ላይ ክር ማስገባት ይጀምራሉ። አንድ የስፌት መኪና በቀን አርባ ጊዜ ክር እንደማይበጠስበት ለማወቅ ልብስ ሰፊ መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ግን ሠላሳ ዓመት አልፎኝም አላወቅኩም ነበር። “ሰው ልብስ የሚለብሰው ለብርድ ብቻ ይመስልሃል? ለገመናው ነው እንጂ” ይሉኝ ነበር፣ ሱሪዬን ሲያሳጥሩልኝ።

እንግዲህ ጋሽ ይማም ልጃቸውን ሊጠይቁ ጅማ በሄዱበት ሳምንት መንደራችን ውስጥ ሦስት የውሃ ቆጣሪ ተሰረቀ። እሳቸው ስላልነበሩ ነው ብሎ ያሰበ አንድም ሰው የለም። ኮሚቴ ተቋቋመ። የተሰረቀባቸው ሰዎች አዲስ ቆጣሪ እስኪገባላቸው ድረስ ያንን ቁልቁለት በጄሪካን ውሃ ተሸክመው ሲወጡ ሲወርዱ ከርመዋል፤ ሰዎች መፍራታቸው ላይ አላላግጥም፤ እኔም ፈርቼ ነበር። የማላግጠው ከፈራን በኋላ ባደረግነው ላይ ነው።

አቶ ደምሴ ሰብሳቢ ሆኑ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ስብሰባ ናፍቋቸው የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ኮምፒውተር ስለማውቅ ጸሐፊ ተደረግኩ። ጋሽ ይማም ከጅማ ሲመለሱ በእድራችን አዳራሽ የካሜራ ጉዳይ ለውይይት ቀርቦ ደረሱ።

“የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ካሜራ አይፈራም!” አሉ አቶ ደምሴ። ተጨበጨበ።

ጋሽ ይማም ከኋላ እጃቸውን አወጡ። “ደምሴ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ።”

“በአጀንዳው ላይ ከሆነ ይቻላል።”

“በአጀንዳው ላይ ነው። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ሱሪ ምን ይሠራለታል?”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ይማም ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁና፣ “ያንን የለበስከውን የሰፋሁልህ እኔ ነኝ። ልክህን ስወስድ መጋረጃ ዘግቼ ነው፤ ሰፈሩን አልጠራሁም” አሉ።

“ከአጀንዳ ውጭ ነው” አሉ አቶ ደምሴ ቀልተው። እኔም በቃለ ጉባኤው ላይ “አንድ አስተያየት ተሰጥቶ ታልፏል” ብዬ ጻፍኩ።

ካሜራው ገባ። ካሜራው ራሱ እንዳይሰረቅ ተብሎ ባስተከልነው የብረት ምሰሶ ጫፍ ላይ ተሰቀለ፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ የሚታየው የሰው አናት ብቻ ነው። ባስመረቅንበት ቀን ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩለን መንደራችንን ስናይ፣ አቶ ደምሴ ከኋላ ምን ያህል እንደተመለጡ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቁ። ቀስ ብለው ኮፍያ አደረጉ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ኮፍያ አይቻቸው አላውቅም። የሚደብቁት ነገር ተገኘባቸው ማለት ነው።

ካሜራው ምንም አልጠቀመም ብል ውሸት ይሆንብኛል። የአንዲት መበለት በግ ጠፍቶ በየት በኩል እንደሄደ አሳይቶናል፤ በግ ከላይ ሲታይ በደንብ ይለያል። ጋሽ ይማም ራሳቸው “ይሄስ ጎበዝ ነው” ብለው አመስግነውታል። በየማለዳው ሱቃቸውን ሲከፍቱ ወደ ምሰሶው ቀና ብለው ሰላምታ ይሰጡት ነበር።

“ጋሽ ይማም፣ አይመልስም እኮ” እላቸዋለሁ።

“ሥርዓት የለውማ። ሰላም የማይል ዘበኛ ቀጠራችሁ።”

ችግሩ ሌባ በየቀኑ አይመጣም፤ ካሜራው ግን በየቀኑ ያያል። ያየውን ደግሞ እኔ አየዋለሁ። መጀመሪያ ሌባ ፈለግኩ። ሌባ ሲጠፋ ሌላ ሌላውን ማየት ለመድኩ፤ ማን ስንት ሰዓት ገባ፣ ማን ከማን ጋር ቆመ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ የምታገለግል ልጅ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ግድግዳ ተደግፋ ስትስቅ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ግሩፑ ላይ ወጣና ልጅቷ ከአገልግሎት ታገደች። የለጠፍኩት እኔ ነኝ። “ለጥንቃቄ” ብዬ ነበር ከሥሩ የጻፍኩት። ከማን እንደምትጠነቀቅ ግን አልጻፍኩም።

ዓመት ሳይሞላ አራተኛ ቆጣሪ ተሰረቀ። ካሜራው ሌባውን ቀርጾታል፤ የሹራብ ኮፍያ ያደረገ አንድ አናት ነው። አምስት ሰው መጥቶ አየውና አምስት የተለያየ ሰው ነው አለ። አቶ ደምሴ ተናደዱ። “የወሩን በሙሉ ወደ ኋላ መልሰህ ፈትሽ” አሉኝ። ፈተሽኩ። እትዬ አስካለን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው።

እትዬ አስካለ የሻምበል ታደለ ባለቤት ናቸው። ሻምበል ታደለን ያላወቀ ሰው ቢኖር፣ ወታደር ቤትን ከተዉ ስንት ዓመታቸው፣ ሸሚዛቸው ሳይተኮስ ከቤት የማይወጡ፣ መንገድ ላይ ጎብጦ የሚሄድ ወጣት ሲያዩ “ቀጥ በል!” ብለው የሚጮሁ ሰው ነበሩ። እኔም ስንት ጊዜ ቀጥ ብያለሁ። ከዓመት በፊት ኦፕሬሽን ከሆኑ በኋላ ግን ከቤት መውጣት ትተዋል፤ ፀሐይ ሲሆን ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። የሚኖሩት ስድስት አባወራ አንድ ቧንቧና አንድ የልብስ ማስጫ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው።

ካሜራው እንደሚያሳየው እትዬ አስካለ በአንድ ቀን፣ በሁለት ቀን ልዩነት፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትልቅ ዘምቢል ይዘው ከግቢ ይወጣሉ። ወደ ግራ ያያሉ፣ ወደ ቀኝ ያያሉ። ዘምቢሉ ከብዷቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመው በቁስቋም መንገድ ሽቅብ ይሄዳሉ። ረፋዱ ላይ ቀለል ብሏቸው ይመለሳሉ። ጎረቤት ሲጠይቃቸው “ቁስቋም ማርያም ኪዳን አድርሼ ነው” ይላሉ።

“ኪዳን በዘምቢል ነው የሚደረሰው?” አሉ አቶ ደምሴ ጉልበታቸውን እየመቱ። “ቆጣሪ ብረት ነው፣ ይከብዳል። ያዝናት!”

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ነገር የያዝኩ መስሎኝ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ከየአምልኮው ከተመለሰ በኋላ፣ ሰፈሩ አዳራሽ ተጠራ። የካሜራው መቅጃ ሳጥንና ቴሌቪዥኑ በአንድ ማከፋፈያ ተሰክተው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። እትዬ አስካለ ለምን እንደተጠሩ ሳያውቁ መጥተው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ ራሳቸውን አዩ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ስድስት ጊዜ፣ ዘምቢል ይዘው ግራና ቀኝ ሲያዩ።

“እትዬ አስካለ፣ ዘምቢሉ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?” አሉ አቶ ደምሴ።

“የቤት ዕቃ ነው።”

“ምን ዓይነት የቤት ዕቃ?”

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

“እንግዲህ የማይናገሩ ከሆነ ነገ ጠዋት ቪዲዮውን ለፖሊስ እንሰጣለን። እዚያ ይናገራሉ።”

“ስጡ” አሉ እትዬ አስካለ በቀጭን ድምፅ። ሌባ ተብለው መታሰርን መረጡ። እኔ ያን ጊዜ የገባኝ ጥፋተኝነታቸው ነበር።

ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ጋሽ ይማም ተነሱ።

“የዘምቢሉ ባለቤት እኔ ነኝ።”

“ምን ማለት ነው?”

“ውስጡ ያለው አንሶላ ነው። የኔ አንሶላ። እሷ ናት የምታጥብልኝ፣ አላህ ይስጣት።”

“አንሶላ እንዲህ ይከብዳል?”

“ከረጠበ ይከብዳል።”

“ሳይታጠብ በምን ይረጥባል?”

ጋሽ ይማም አንገታቸው ላይ ያለውን ሜትር በሁለት እጃቸው ያዙ። “ደምሴ፣ ሰባ አልፎኛል። ፊኛዬ አልታዘዝ ብሎኛል። ማታ እሸናለሁ። በቃ፣ ይኸው።”

መጀመሪያ አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ከዚያ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። እትዬ አስካለ ብቻ ዞር ብለው ጋሽ ይማምን ያያሉ፤ አፋቸው ተከፍቷል፣ የሚናገሩ ይመስላል። ጋሽ ይማም ግን አያዩዋቸውም።

አቶ ደምሴ መርማሪነታቸውን ለአንሶላ የሚለቁ ሰው አይደሉም። “እዚሁ ቧንቧ እያለ ቁስቋም ድረስ ምን ያስኬዳል?”

“ሽማግሌ የሸናበትን አንሶላ በጋራ ቧንቧ አጥባ በናንተ ፊት ታስጣው? እህቷ ቤት ነው የምታጥበው።”

“መቼ ነው የምትሰጣት?”

“ማምሻውን፣ ሱቄን ስዘጋ።”

“ብሩክ!” አሉኝ፤ “የትናንት ማምሻውን ክፈተው። ሲሰጣት እንይ።”

የትናንት ማምሻውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ጋሽ ይማም መኪናቸውን ከድነው፣ በር ዘግተው፣ እጃቸውን በማሰሮ ውሃ ታጥበው ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። አንሶላ የለም። ዘምቢል የለም። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናትም የለም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ አንድ በአንድ የመጣልኝ፤ የሻምበል ኦፕሬሽን፣ ከቤት መቅረታቸው፣ ስድስት አባወራ የሚጋራው ማስጫ። እጄ ሪሞቱ ላይ ቀረ።

ቀና ስል ጋሽ ይማም እያዩኝ ነው። አልጠቀሱኝም፣ ራሳቸውንም አልነቀነቁም። ከኮታቸው ኮሌታ ላይ መርፌ መዘዙ፣ ከኪሳቸው ክር አወጡ፣ አቀረቀሩና ማስገባት ጀመሩ። በአዳራሽ መሐል፣ የሚሰፋ ነገር ሳይኖር።

በእግሬ ማከፋፈያውን ነቀልኩት።

“መብራት ሄደ!” አለ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ።

ቀጨኔ ውስጥ ቴሌቪዥን ሲጠፋ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው አልተፈጠረም። ከአዳራሹ ጎን ያለው ሻይ ቤት ፍሪጁ እያንጎራጎረ፣ ቴፑ እየዘፈነ ነው፤ ማንም አልሰማውም። አቶ ደምሴ ሳይቀሩ “እነዚህ ሰዎች ደግሞ መቼም!” ብለው መብራት የሚያጠፋውን አካል ረገሙ። ሰው ወንበሩን እያነሳ ወጣ። ጉዳዩም ተዘጋ፤ ጋሽ ይማም የሚሸኑ ሰው መሆናቸው ተረጋግጦ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። በሳምንቱ ቅጽል ስም ወጣላቸው፤ “ዝናቡ”። መንገድ ላይ “ጋሽ ዝናቡ፣ ሌሊት ጣለ ወይስ አባራ?” ይሏቸዋል። “አልሐምዱሊላህ፣ አካፍቷል” ብለው ይስቃሉ። ለልጇ ምረቃ ቀሚስ ልታሰፋ ጨርቅ የሰጠች አንዲት ሴት ሳይሰፋ መልሳ ወሰደች። “ሽታ አይጠፋውም” አለች ለጎረቤቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ። ሱቃቸው ውስጥ ከጨርቅና ከማሽን ዘይት በቀር ምንም አይሸትም ነበር።

ከሁሉ የከፋውን የነገረኝ አብሯቸው የሚሰግድ ጎረቤቴ ነው። መስጊድ ውስጥ ሁልጊዜ ከፊት ነበር የሚሰግዱት። ኢማሙ ለታመመ ሰው ሃይማኖቱ ማቅለያ አለው ብለው አስረድተዋል፤ አጠገባቸው የሚቆመው ሰው ግን ሽንት የነካው ልብስ ሶላት ያበላሻል ብሎ ራቅ ራቅ ማለት ጀመረ። ጋሽ ይማም ተነስተው የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ ሄዱ። ሰው ሶላቱ ላይ ልቡ እንዳይጠራጠር ብለው ነው። ንጹሕ ሰው፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ ሁለት ዓመት ጥግ ላይ ሰገዱ።

እትዬ አስካለ ዘምቢላቸውን ይዘው ማለፋቸውን ቀጠሉ። አሁን “የዝናቡን ነው” ይባልና ይታለፋሉ። በስፌት መኪናው ፊት ሲያልፉ ከወትሮው የተለየ ሰላምታ አይሰጡም፤ ቢሰጡ ይታወቅባቸዋል። ጋሽ ይማም ክር ያስገባሉ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሻምበል ታደለ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ ጥቂት ሰዎች ከበዋቸው ይጫወታሉ። ጋሽ ይማም የተሰፋ ኮት ለማድረስ በዚያ አለፉ። አንዱ “ዝናቡ መጣ፣ ጥላ አውጡ!” አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ሻምበልም ሳቁ። ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። እኔ ቆሜ አይቻለሁ። በሕይወቴ ሽማግሌ ጠልቼ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ሻምበል ታደለን ጠላሁ።

ሮጬ ጋሽ ይማም ጋ ደረስኩ። “ጋሽ ይማም፣ ሲስቁ አላዩም? እርስዎ ለሳቸው ብለው...”

“ዓይኔ ደክሟል ብሩክ” አሉኝ፤ መርፌና ክር እጄ ላይ አስቀመጡ። “እስቲ አስገባልኝ።”

እዚያው ቆሜ ሞከርኩ። ብዙ ፈጀብኝ። ሳስገባው እትዬ አስካለ ከጀርባዬ አልፈው ሄደው ነበር። “ይኸው፣ ትችላለህ” አሉኝ። ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በሳምንቱ የካሜራውን ኃላፊነት ለቀቅኩ፤ “የሥራ ጫና” ብዬ ነው ያመለከትኩት። እውነቱን ብጽፍ ቃለ ጉባኤ ላይ “አስተያየት ተሰጥቶ ታልፏል” ይባል ነበር።

ወደ ሐዘኑ ልመለስ። ቀብሩ ዕለቱን አለቀ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠናል። ወንዶቹ በእድሩ አግዳሚ ላይ ነን፣ ሴቶቹ ከሱቋ ጀርባ ባለችው ክፍል ከጅማ ከመጣችው ልጃቸው ጋር ናቸው፤ መሐላችን አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። ዱዓ ተደርጎ አበቃ። አቶ ደምሴ ኮፍያቸውን አስተካክለው ተነሱ። ሰው ሲሰበሰብ ዝም ማለት አይችሉም።

“ጋሽ ይማም፣ ምንም እንኳ ሁላችን በምናውቀው ሕመም ምክንያት የተቸገሩ ቢሆኑም...”

እንዲህ ብለው ትንሽ አረፉ። አንድ ሁለት ሰዎች ፈገግታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ልጅቷ ከመጋረጃው ወዲያ ትሰማለች። ከተቀበሩም በኋላ ሊሸኑ ነው።

“ሕመሙ የኔ ነው።”

ሁላችንም ዞርን። ሻምበል ታደለ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመዋል። ሸሚዛቸው ተተኩሷል። ድምፃቸው የጥንቱ ነው፣ ወጣት ቀጥ የሚያደርገው።

“አንሶላው የኔ ነበር። የምሸናው እኔ ነኝ፣ ኦፕሬሽን ከሆንኩ ጀምሮ። ይማም አንድ ቀን ሸንቶ አያውቅም።”

“ኧረ ሻምበል፣ ይቀመጡ” አሉ አቶ ደምሴ። “ሐዘን ነው፣ ይገባናል። ዕድሜም ነው።”

“ዕድሜ አይደለም! ሽንት ነው!”

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሁለት ሰዎች ደግፈው ሊያስቀምጧቸው ተነሱ፤ ያሳዝናሉ፣ ጃጅተዋል ብለው። እውነቱን ተናግረው የሚያምናቸው ጠፋ። ሻምበል የያዟቸውን እጆች አራገፉና በምርኩዛቸው ወደኔ ጠቆሙ።

“አንተ የካሜራው ልጅ! አይተሃል አላየህም?”

ተነሳሁ። ሁሉም እያየኝ ነው። ያንን ሁሉ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ ያየሁትን ስናገር ኖሬ፣ የተጠየቅኩት ያን ቀን ነው።

“አይቻለሁ” አልኩ። “ጋሽ ይማም አንድም ቀን አንሶላ አልሰጧቸውም። የዚያን ቀን መብራት አልሄደም፤ የነቀልኩት እኔ ነኝ።”

ሻምበል አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። “እሱ ቆሞ በአንድ ትንፋሽ ያለውን” አሉኝ በቀስታ፣ “እኔ ለማለት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ሳቅኩበት እኮ።” እኔስ ምን ሠርቼ ነው የማጽናናቸው። ትከሻቸውን ያዝኩ።

አቶ ደምሴ ከኋላዬ ጎንበስ ብለው ጆሮዬ ላይ ደረሱ።

“ታዲያ” አሉ፣ “ቆጣሪውን ማነው የወሰደው?”

ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ ስለተሰማ ማንም የሚሰማቸው አልነበረም። እትዬ አስካለ ናቸው። ሦስቱን ቀን ሙሉ እንደማንኛውም ጎረቤት እንባቸውን ጠርገው፣ ዝም ብለው፣ ውሃ ሲያቀርቡና ዕቃ ሲያነሱ የሰነበቱት። ከጎረቤት በላይ ቢያለቅሱ ሰው ምክንያቱን ይጠይቃል።

“ወንድሜ!” አሉ። “ወንድሜ ይማም! ወንድሜን!”

ደረታቸውን ሲመቱ ይሰማል። ለብዙ ጊዜ አለቀሱ፣ እስኪበቃቸው ድረስ። ለምን እንዲህ ያለቅሳሉ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።